ለኔትወርክ ካርድ የተላኩ ሽማግሌዎች

አባቴ ጅማ ውስጥ የሚፈራ ሰው ነበር። ቁመቱ አጭር ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ በሰው ላይ እጁን አንስቶም አያውቅም። የሚፈራው በሥራው ነው። የቡና መርማሪ ነበር። ከአጋሮና ከዙሪያው ከተሞች ተጭኖ የመጣ ቡና በእሱ እጅ ሳያልፍ ወደ አዲስ አበባ አይሄድም። ጆንያውን በሹል የብረት ቱቦ ወግቶ ናሙና ያወጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የሻገተውን አንድ በአንድ እየለየ ወደ ጎን ያደርጋል። ባለቡናው ፊቱ ቆሞ ያልበዋል። አባቴ ቀና ብሎ አያየውም። ሲጨርስ ጉድለቱን በደረቁ ይነግረዋል፤ አይሳደብም፣ አያባብልም። ደርግ ወድቆ የቡና ንግድ ለግለሰብ ሲለቀቅ ነጋዴው በዛ፤ አባቴን የሚፈራውም ሰው አብሮ በዛ።

እኔ የዚህ ሰው ልጅ ነኝ። በጅማ ይህ ራሱን የቻለ ማዕረግ ነበር። ሱቅ ስላክ ከረሜላ ይመረቅልኛል። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች አገጬን ይዘው «ማሻአላህ፣ እንዴት ጎበዝ ልጅ ናት!» ይላሉ፤ ምን ሠርቼ ጎበዝ እንደሆንኩ ግን አይናገሩም። አባቴ ስጦታ የሚባል ነገር ደጃፉን አያስረግጥም። ለበዓል የተላከ በግ ከነገመዱ ይመልስ ነበር። በግ የሚመልስ ሰው ግን ሙገሳ ሊመልስ አይችልም፤ ስለዚህ ከተማው እኔን አሞገሰ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ፈረስ ሣልኩና አስተማሪያችን ሥዕሉን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩልኝ፤ ግድግዳ ላይም ተለጠፈ። ያ ፈረስ ቁርጥ ፍየል ነበር። እኔም አውቀዋለሁ፣ ክፍሉም ያውቀዋል። የአስተማሪያችን ወንድም ቡና አቅራቢ እንደሆነ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

እንዲህ ያደገ ሰው ሥራው ጥሩ ይሁን መጥፎ ሳያውቅ ያረጃል። ብዙ ሰው የሚያመሰግነው አጥቶ ይሰቃያል፤ እኔ በተቃራኒው ተሰቃየሁ። «ጥሩ ነው» ሲሉኝ ወዲያው የተናጋሪውን ዘመድ አዝማድ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ማን ጋ ቡና አለ? ኮምፒውተር ያጠናሁትም በዚህ ይመስለኛል። ፕሮግራም ስህተት ካለው አይሠራም፤ የማን ልጅ ነሽ ብሎም አይጠይቅም።

ትምህርቴን ጨርሼ ጅማ ተመልሼ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ተቀጠርኩ። ዘመኑ ኢንተርኔት በአንድ ክፍል ብቻ የሚገኝበት፣ ተማሪው ሥራውን ሁሉ በፍላሽ የሚያዞርበት፣ ፍላሹም ቫይረስ ብቻ የሚሸከምበት ነበር። አንድ ቀን በርከት ያሉ የእርዳታ ኮምፒውተሮች መጡልን። የላብራቶሪው ኃላፊ ከጎጃም የመጡ፣ ደግና ችኩል ሰው ነበሩ። «በዚያ ሁሉም ሳይገዛ ከፍላሽ በሚገለብጠው ሲስተም ከሞላናቸው በሳምንቱ ቫይረስ ይበላቸዋል፤ ሊኑክስ እንጫንባቸው» አልኳቸው። ሊኑክስ ማንም ውስጡን ከፍቶ የሚያነበው፣ የሚያርመው፣ በነጻ የሚጭነው ሲስተም ነው። ተስማሙ። ጫንን። ስክሪኑ በራ፣ ድምፁ ተሰማ፣ ማውሱ ተንቀሳቀሰ። ኔትወርኩ ግን የለም። ካርዱ ቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይታያል፤ ሲስተሙ ግን አያውቀውም።

በሲስተሙና በካርዱ መካከል ሆኖ የሚያስተረጉም ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ድራይቨር ይባላል። ለዚያ ካርድ የተጻፈ ድራይቨር በዓለም ላይ አልነበረም፤ ለወንድሙ ካርድ ግን ነበር። እሱን ወስጄ ለእኛው እንዲሆን መለወጥ ጀመርኩ። ካርዱ ትእዛዝ ተቀብሎ እስኪዘጋጅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ ስለማላውቅ በየቦታው «ጠብቅ» የሚል መስመር ጨመርኩ። እዚህ ጠብቅ፣ እዚያ ጠብቅ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ኮምፒውተሮች ተገናኙ። ኃላፊው አጨበጨቡ፤ «ድንቅ ነው! ድንቅ!» እያሉ ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። የጻፍኩትን ግን አንድም መስመር አላነበቡም። ሌላ ሊያነበው የሚችል ሰው ኮሌጁ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ውጭ ላክሁት። ሊኑክስን የሚሠሩት ሰዎች ሁሉም የሚያነበው የጋራ የኢሜይል መድረክ አላቸው። ሥራህን እዚያ ትልካለህ፤ የዚያ ዓይነት ድራይቨሮች ጠባቂ የሆነ ሰው አይቶ ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል። ከገባ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ጠባቂው የየት አገር ሰው እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። እሱም ወንድ ልሁን ሴት፣ ከየት ልሁን አያውቅም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን የማያውቅ ሰው ሥራዬን ሊያይ ነው።

መልሱ የመጣ ቀን ኢንተርኔት ያለበት ክፍል ውስጥ ኃላፊው ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብለው አብረውኝ አነበቡ። ሰላምታ የለውም። መስመር በመስመር ቆራርጦታል። «ይህ መጠበቅ ለምንድን ነው?» ይላል። ዝቅ ብሎ፣ «ይህኛውስ?» ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ «እዚህም ትጠብቃለህ። አትገምት፤ ዝግጁ መሆኑን ካርዱን ራሱን ጠይቀው።» ከዚያ፣ «የሌላውን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ ገልብጠህ ጥቂት ቦታ ቀይረሃል። ልዩነቱን ብቻ ላክ።» መጨረሻ ላይ፣ «በዚህ መልኩ አልቀበለውም።»

ኃላፊው ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ፤ ሌላ ሰው እንዳያነበው ስክሪኑን በእጃቸው ሊሸፍኑት ምንም አልቀራቸውም። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው! በሰው ፊት እንዲህ ይባላል?» አሉ።

ጆሮዬ ግሏል፤ አልዋሽም። ወደ ቤቴ ወደ ቦሳ አዲስ ሰፈር ስሄድ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ፈገግ እያልኩ እንደሆነ ታወቀኝ። ሰውየው እያንዳንዷን መስመር አንብቧል። የነቀፈው ሁሉ ልክ ነበር፤ እውነትም ገምቻለሁ፣ እውነትም ገልብጫለሁ። ማንም እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሰው ማናገር ተውኩ። ካርዱን መጠየቅ ቀላል አይደለም። ውስጡ በቁጥር የሚነበቡ ትንንሽ ቦታዎች አሉት፤ የየአንዳንዱን ትርጉም የሚያውቀው ያመረተው ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ለማንም አልነገረም። ካርዱን እያሠራሁ ቁጥሮቹን አሳትማለሁ፤ ገመዱን ነቅዬ አሳትማለሁ፤ ሰክቼ አሳትማለሁ። ወረቀቱን ተሸክሜ ቤት እገባና በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርኩ አፈጥበታለሁ። እናቴ ያልተነካ ሳህን ስታነሳ ታጉረመርማለች። አባቴ በሩ ላይ ቆም ብሎ ያየኝና ይሄዳል። እኔ ደስተኛ ነበርኩ። እነሱ ያዩት ግን የማትበላ፣ የማትጫወት፣ ወረቀት ላይ አፍጥጣ የምትውል ልጅ ነው።

አባቴ ኃላፊዬን ኮሌጁ በር ላይ ጠብቆ ጠየቃቸው። እሳቸውም ፈረንጅ በአደባባይ አዋረዳት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ልቧ ተሰብሯል አሉት።

እኛ አገር ሥራን መንቀፍ ሰውዬውን መንቀፍ ነው። ጉድለት ያየ ሰው በዘመድ በኩል፣ በቀልድ በኩል፣ ዞር ዞር ብሎ ነው የሚናገረው፤ ፊት ለፊት ከተናገረማ ተጣልቷል ማለት ነው። የተጣላ ደግሞ ይታረቃል፤ ለማስታረቅም ሽማግሌ አለ። አባቴ በዚህ ሕግ የማይገዛው ቢሮው ውስጥ ብቻ ነበር። ከቢሮው ሲወጣ እንደማንኛውም አባት ነው።

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወደሚኖሩ አንድ ሐጂ ሄደ። ሐጂው ቡና አቅራቢ ናቸው፤ በማስታረቅም የታወቁ ናቸው። አባቴ ቡናቸውን ደጋግሞ ጥሎባቸዋል፤ ሥራውን እንዳያስነቅፍበት ብሎም ደጃፋቸውን ረግጦ አያውቅም። ከነጋዴ አንድ ብርጭቆ ሻይ የማይጠጣው ሰው ያን ዕለት ሄዶ ለልጄ ድረሱልኝ አላቸው። በኋላ ይህን ስሰማ ከሁሉም በላይ ያመመኝ እሱ ነው።

ሐጂው፣ ኃላፊዬና አባቴ ተቀምጠው መከሩ። የሩቅ ሰው ስለሆነ በኢሜይል ይሁን አሉ። አባቴ በዚያ በድሮ የቢሮ እንግሊዝኛው ጻፈ፤ ሐጂው መረቁበት፤ ኃላፊው ላኩት። የላኩት ግን ለሰውየው ለብቻው አይደለም። እኔ ስልክበት ያዩትን አድራሻ ነው የያዙት፤ ዓለም ሁሉ ወደሚያነበው መድረክ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ፣ ካርዱ ሲሠራ የምትለወጥ፣ ሥራውን ሲጨርስ የምትመለስ አንዲት ቁጥር አገኘሁ። ካርዱ «ዝግጁ ነኝ» የሚልባት ቦታ ያቺ ናት። «ጠብቅ» ያልኩትን ሁሉ እየሰረዝኩ በምትኩ ጥያቄ ጻፍኩ። ሰኞ ልልከው ኢሜይሌን ስከፍት መድረኩ በአባቴ ተሞልቶ አገኘሁት።

«የተከበሩ ጌታዬ» ይላል። «እኔ የልጅቷ አባት ነኝ። በእርስዎና በልጄ መካከል የተፈጠረውን ቅያሜ በመስማታችን አዝነናል። ልጄ ምግብ ትታለች። ጥፋቱ የእርሷ ከሆነም ልጅ ናትና ይቅር ይበሏት። አንድ በጎ ቃል ቢጽፉላት ውለታዎን አንረሳም።» ከሥሩ የሐጂው ምርቃት ተተርጉሟል፤ አላህ ልጅ ይስጥዎ፣ ሰጥቶዎት ከሆነም ያሳድግልዎ ይላል።

ከዚያ በታች የጠባቂው መልስ አለ። «ለአባትሽና ለሐጂው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ላስከፋሽ አልፈለግኩም። ስህተቶቹን እኔ ራሴ አስተካክያቸዋለሁ፤ ድራይቨሩ ገብቷል። ጥሩ ሥራ ነው።» ከየአገሩ የማላውቃቸው ሰዎች አይዞሽ፣ በርቺ፣ አባትሽ እንዴት ደግ ናቸው እያሉ ጽፈዋል።

ኃላፊው ለስላሳ አስመጥተው ጠርሙሱን ከፈቱልኝ። እኔ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። የዓለም ዳርቻ ድረስ ሸሽቼ እዚያም የአባቴ ልጅ ሆንኩ።

አባቴን ቢሮው ውስጥ አገኘሁት። ባለቡና አልነበረም፤ ናሙናውን ብቻውን ይለቅማል።

«አባዬ፣ ይህን ቡና ያመጣው ሰው አባት መጥቶ ልጄን አታሳዝንብኝ ቢልህ ታሳልፍለታለህ?»

«አባርረዋለሁ» አለ፤ ቀና አላለም።

«ታዲያ ለምን?»

ያን ጊዜ ቀና አለ። እንደያዝኩት ገብቶታል። «ቡናው ልጄ አይደለም» አለኝ።

ቁጣዬ ግን ገና አልወጣም፤ ስለዚህ የማይገናኝ የሚመስለውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ከረሜላውን፣ አገጬን የሚይዙትን ሰዎች፣ ፍየል የሚመስለውን ፈረስ። ጥሩ ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ እንደምጠራጠር ነገርኩት። ያ ሰውዬ አንተን ስለማያውቅ ብቻ ያመንኩት የመጀመሪያ ሰው ነበር አልኩት። አባቴ ፍሬዎቹን በጣቱ እየገፋ ሰማኝ።

«እኔኮ በጉን ስመልስ ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ደክሟል። «አሁን ምን ይሻላል? ልጻፍለት?»

«ኧረ በማርያም! ምንም አታድርግ» አልኩት። ለአባቴ ከዚህ የከበደ ትእዛዝ የሰጠው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለጠባቂው በዚያው መድረክ ጻፍኩለት። ስለ ደግነቱ አመሰገንኩት፤ ጥል እንዳልነበረንም ነገርኩት። ከዚያ ያስገባኸውን አውጣው፤ እሱ ያንተ ሥራ ነው፤ የእኔ ይኸውልህ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን አድርገህ እየው አልኩት። አዲሱን አያይዤ ላክሁ።

ኃላፊዬ ሊያብዱ ደረሱ። «የገባ ነገር ይወጣል እንዴ? ሰው በስንት መከራ የሚያገኘውን!» ለሐጂውም ነገሯቸው መሰለኝ፤ መስጊድ አጠገብ ሲያገኙኝ ሐጂው መንገድ ዘጉብኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽብን ልጄ? ሰውየው ታረቀ ብለን አልሐምዱሊላህ አልን። አንቺ ደግሞ አፈረስሽው አሉኝ።»

«ሐጂ፣ እኛ እኮ አልተጣላንም ነበር።»

«ካልተጣላችሁ ታዲያ እኛ ማንን አስታረቅን?» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባትሽ ቤቴ መጣ። ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜዬ አያለሁ ያላልኩት ነው። አትቆጪው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ጠባቂው ያስገባውን አወጣ። መልሱ ሲመጣ ሰላምታ አልነበረውም፤ ይህን ሳይ ልቤ ዘለለ። የምትጠይቂው ካርድ ሳይመልስ ቢቀርስ? ዘላለም ልትጠይቂ ነው? ይላል። ይህ ከዚህ በፊት ያላየሁት ጉድለት ነው፤ ካርዱ ቢሞት ኮምፒውተሩ አብሮት ይደርቃል። ሌላም ሌላም ነበረው። አርሜ ላክሁ። እንደገና መለሰው። ክረምቱ በዚህ አለፈ፤ ዝናቡ የላብራቶሪውን ቆርቆሮ ሲደበድበው ከሰው ጋር መነጋገር ስለማይቻል ለእኔ ተመቸኝ። አባቴ በዚያ ክረምት ስለ ካርዱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ማታ ማታ እራት ላይ አፉን ከፈት ሲያደርግ አየዋለሁ፤ ወጥ አቀብዪኝ ብሎ ይዘጋዋል።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መልስ መጣ። አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ገብቷል።» ስሜን እንኳ አልጠራም። ደጋግሜ አነበብኳት። ለሰው ሳልናገር ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያወልቅ ነበር።

«ገባ» አልኩት።

እጁ ጫማው ላይ ቀረ። «ምን አለ ሰውየው?»

«ገብቷል አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ጥሩ ነው አላለም? በርቺም አላለም? ይሄን ሁሉ ጊዜ ለፍተሽ?» ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወደ ሐጂው ሊሄድ ጫማውን መልሶ ሊያጠልቅ የፈለገ መሰለኝ። ከዚያ ራሱን ያዘ። ሲይዝም አየሁት። ምን ያህል እንደምወደው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«አሳዪኝ እስቲ» አለ።

«አባዬ፣ አይገባህም እኮ። ኮድ ነው።»

«አሳዪኝ አልኩሽ።»

ከቦርሳዬ ወረቀቶቹን አውጥቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ፤ ጣቱን በየመስመሩ ሥር እያንሸራተተ፣ ሳይቸኩል፣ አንድም ሳይዘል። እናቴ ስትጠራው አልሰማትም። እኔ ፊቱ ቆሜ መዳፌን አልቦኛል። ገጽ ገለበጠ፣ ደግሞ ገለበጠ። መጨረሻው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይሄኛው መስመር ተዛንፏል» አለኝ፤ ቀና ሳይል።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። እውነትም ተዛንፎ ነበር።